ከደቻቱ እስከ ቁልቢ፤ ተሳላሚው ሳያያቸው የሚያልፋቸው ተራሮችና ወንዞች

ታኅሣሥ 19 ቀን በተቃረበ ቁጥር ከአራቱም ማዕዘን የሚነሣው ተሳላሚ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያቀናል። ከአዲስ አበባ በመኪና የተነሣው በአዋሽና በጭሮ በኩል ይመጣል፤ ድሬ ዳዋ ላይ ከባቡር ወይም ከአውሮፕላን የወረደው ደግሞ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደጋው ይወጣል። ስለት ያለበት ስለቱን ይዞ፣ ልጅ ያገኘ ልጁን ታቅፎ፣ የታመመ ፈውስን ተስፋ አድርጎ በቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ይሰበሰባል። ጧፍ ይበራል፤ ሕፃናት ይጠመቃሉ፤ ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ይከብራል። በዓሉ ሲፈጸም ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደየመጣበት ለመመለስ ይቸኩላል። ብዙው በሌሊት መጥቶ በሌሊት ይመለሳልና የተጓዘበትን ምድር ሳያይ ይቀራል።

ይህ ችኮላ የተሳላሚውን እምነት አያጎድለውም። ሆኖም ከዕለቱ በዓል ጋር በቀጥታ የተያያዘ አንድ በረከት ያስቀርበታል። ይኸውም እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የዕለቱን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም በማለታቸው ወደ እቶነ እሳት የተጣሉት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በመልአኩ ጥበቃ ከነበልባሉ መካከል ቆመው ፈጣሪያቸውን እንዳመሰገኑ እናውቃለን። ይህ የሠለስቱ ደቂቅ ምስጋና በየቤታችን በሚገኘው የዳዊት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከመዝሙራቱ ቀጥሎ በሚመጣው በጸሎተ ነቢያት ክፍል ተካቶ ይገኛል። ወጣቶቹ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ስለ ራሳቸው መዳን ብቻ አልተናገሩም። ፀሐይና ጨረቃን፣ ዝናምና ጠልን፣ ተራሮችንና ኮረብቶችን፣ ምንጮችንና ወንዞችን በየስማቸው እየጠሩ ከእነርሱ ጋር ለምስጋና እንዲቆሙ ጋበዙ።

እንግዲህ የበዓሉ ምስጋና ራሱ ተራራንና ወንዝን በስም የሚጠራ ከሆነ፣ ወደ በዓሉ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ያሉትን ተራራና ወንዝ ሳያይ ማለፉ ከምስጋናው አንድ ክፍል እንደ መዝለል ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከድሬ ዳዋ እስከ ቁልቢና በዙሪያው ያሉትን፣ ብዙ ሰው የማይጎበኛቸውን የተፈጥሮ ሥፍራዎች ለምእመናን ማስተዋወቅ፣ እግረ መንገዱንም እነዚህ ሥፍራዎች ከእኛ ምን እንደሚሹ ማሳሰብ ነው።

ተራራ ያስገኘው ከተማ

ድሬ ዳዋ ለተራራው ባለ ዕዳ የሆነ ከተማ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያው ሐሳብ መሠረት ሐረር መድረስ ነበረበት። ይሁን እንጂ ከቆላው ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣው ገደል ለሐዲድ እጅግ የከበደ ሆኖ ስለ ተገኘ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ አደረጉት። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከግርጌው ሲደርስ በዚያ የተቆረቆረው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። ተራራው ባቡሩን ባያስቆመው ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ድሬ ዳዋ ባልኖረች ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ቢሆን ያንኑ የቆላ መንገድ የተከተለ ነው።

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው። በአንድ በኩል በባቡሩ ዘመን በፕላን የተሠራው፣ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ያሉት ከዚራ፣ በሌላው በኩል ነባሩ የገበያ ሠፈር መጋላ ይገኛሉ። በታኅሣሥ ወር ወደ ድሬ ዳዋ የመጣ እንግዳ ወንዙን አሳዩኝ ቢል ሰፊ አሸዋ ነው የሚያሳዩት። በአሸዋው ላይ ሰው ይመላለሳል፤ እንስሳት ይነዳሉ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለምና ውኃው የሚታየው በላይ በተራሮቹ ላይ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከወንዙ በላይ ያሉ ዋሻዎች

ከከተማው በስተ ደቡብ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ከደቻቱ ወለል 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በበሃ ድንጋይ ገደል ላይ አንድ ዋሻ አለ። በዓለም የጥናት መዛግብት ፖርክ ኤፒክ በሚል የፈረንሳይኛ ስም ይታወቃል፤ ትርጓሜውም ጃርት ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ተያር ደ ሻርደን የተባለው የካቶሊክ ካህንና የቅሪተ አካል ሊቅ ከደራሲው ከአንሪ ደ ሞንፍሬይ ጋር ሆኖ ዋሻውን ለጥናት አስተዋወቀው፤ በ1933ም ቁፋሮ ተደረገበት። ከዋሻው የድንጋይ መሣሪያዎች፣ ከዚህም ጋር 4,000 ከሚበልጡ ቁርጥራጮች የተሰበሰበ 40 ኪሎ ግራም ያህል ለቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ የማዕድን ድንጋይ ተገኝቷል። ተመራማሪዎች ዕድሜውን እስከ 40,000 ዓመት ያደርሱታል። የጥንት ሰዎች ድንጋዩን እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር።

ከዋሻው አፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱ ደቻቱ እንደ ነጣ ያለ መቀነት ተዘርግቶ፣ ከተማው በግራና በቀኙ ሰፍሮ ይታያል። የጥንቱ ሰው ወንዙን ለውኃው ፈልጎ ሲቀርበው፣ ማደሪያውን ግን ከወንዙ በላይ ማድረጉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ሥፍራ ከድሬ ዳዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ለገ ኦዳ ነው። ለገ በኦሮምኛ ወንዝ፣ ኦዳም የሾላ ዛፍ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ወንዝንና ዛፍን አጣምሮ ይዟል። በዐለቱ ጥላ ሥር ከብቶች፣ የዱር አራዊትና ሰዎች በቀለም ተሥለው በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሥዕሎቹን በእጅ መንካት፣ ጎልተው እንዲታዩ ብሎ ውኃ መርጨት ወይም ስምን በአጠገባቸው መጻፍ ፈጽሞ አይገባም። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል እንደምንጠነቀቅለት ሁሉ ለዚህም እንጠንቀቅ።

ደንገጎ፤ የዝናብ መለያያ

ድሬ ዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማው ወጥቶ የደንገጎን ዳገት የጀመረ ተጓዥ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከሙቁ ቆላ ወደ ቀዝቃዛው ደጋ ይሸጋገራል። ከግርጌው ግራርና ቁጥቋጦ፣ ከፍ ሲል በእርከን የተያዘ የማሽላና የጫት ማሳ፣ ከዚያም በላይ ባሕር ዛፍና አልፎ አልፎ የቀረ ጥድ ይታያል። የተሽከርካሪው መስኮት ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ራሱ ከፍታው እንደ ተለወጠ ይናገራል። ከዳገቱ ራስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሐረማያና በአወዳይ ወደ ሐረር፣ ሌላው በቀርሳ ወረዳ አልፎ ወደ ቁልቢ ይሄዳል።

ተሳላሚው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ቢል የሚያየው ነገር አለ። ይህ የተራራ ሰንሰለት የዝናብ መለያያ ነው። በሰሜኑ ፊት ላይ የወደቀው ጠብታ ወደ ደቻቱና ወደ መሰሎቹ ወንዞች ወርዶ በቆላው ሜዳ አሸዋ ውስጥ ይሰወራል፤ ያ ሜዳ የአዋሽ ተፋሰስ ክፍል ነው። በደቡቡ ፊት ላይ የወደቀው ደግሞ በራሚስ፣ በጎበሌና በኤረር በኩል አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል። አዋሽ ወደ ባሕር አይደርስም፤ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ውቅያኖስ ሳይደርስ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ከአንድ ጋራ ጀርባ የተለያዩት ሁለቱ ጠብታዎች ሁለቱም በምድር ላይ ይቀራሉ። የእነዚህ ተራሮች ውኃ ለባሕር የተላከ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ላለው ሰው፣ እንስሳና አዝመራ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

ከመገንጠያው ወደ ሐረር አቅጣጫ ጥቂት የሄደ ሰው የሐረማያን ሐይቅ ሥፍራ ያገኛል። ሐይቁ የሐረር ከተማን ውኃ ሲያጠጣ ኖሮ፣ ለመስኖ ከሚሳበው ውኃና ከተራቆቱ ኮረብቶች ከሚወርደው ደለል የተነሣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ከዚያም በኋላ በደጋ ያለችው ሐረር ከድሬ ዳዋ በኩል ካለው ከድሬ ጃራ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ እንዲደርሳት ተደረገ። ቁልቁል ይወርድ የነበረውን ውኃ ሽቅብ ማውጣት ምን ያህል ወጪና ድካም እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ውኃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ታይቷል። ይህም ፍጥረት ዕረፍት ሲያገኝ እንደሚያንሰራራ የሚያሳይ ተስፋ ነው።

ራስ መኰንንና ቁልቢ

ቁልቢ ከድሬ ዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የሐረር ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን ሲሆኑ፣ በትውፊት እንደሚነገረው ወደ አድዋ ዘመቻ ሲሄዱ ለመልአኩ የተሳሉትን ስለት የፈጸሙበት ነው። ራስ መኰንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመጓዝ ላይ ሳሉ ታመው ያረፉትም እዚሁ ቁልቢ ላይ ነበር።

በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው። ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ዳሞ፣ ደብረ ታቦር ስንል ተራራን ነው የምንጠራው። አበው ቤተ መቅደስን በከፍታ ላይ መሥራታቸው ከሩቅ እንዲታይ ብቻ አይደለም፤ የሚወጣው ሰው ከዕለት ጣጣው ጥቂት ከፍ ብሎ ምድሩን በሙሉ እንዲያይ ጭምር ነው። በቁልቢ ዙሪያ የሚታየው ምድር በኮረብታና በሸለቆ የተሞላ፣ ታርሶ የሚበላበት፣ የገበሬው ላብ የፈሰሰበት ነው። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በበዓሉ ሰሞን መንገደኛውን በማስተናገድ ይተባበራል፤ ለመልአኩ ስለት ይዘው የሚመጡ የሌላ እምነት ተከታዮችም መኖራቸው የታወቀ ነው።

ከቁልቢ በስተ ደቡብ ጋራ ሙለታ ይገኛል። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ በምሥራቅ ሐረርጌ ከሁሉ የላቀ ሲሆን፣ ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ የእሥር ዘመናቸውን ያሳለፉበት ሥፍራ በመሆኑም በታሪክ ይታወሳል።

ጊዜ ላለው ተጓዥ

ጥቂት ቀናት መቆየት ለሚችል ቤተሰብ ሌሎችም ሥፍራዎች አሉ። ከሐረር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው፣ ራሱ እንደ አምባ የተስተካከለው የቁንዱዶ ተራራ ከሰው እጅ ወጥተው በዱር የሚኖሩ ፈረሶች የታዩበት ነው። በባቢሌ በኩል የኤረርና የጎበሌ ወንዞች ሸለቆዎች በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖች መጠለያነት ተከልለዋል። ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ በዳኬታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙ ዐለቶች ይታያሉ፤ የሚያያቸው ሁሉ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይወድቁ ቆዩ ብሎ ይደነቃል።

በአዋሽ በኩል ወደ መሐል አገር ለሚመለሰው በሚኤሶና በአዋሽ መካከል የአሰቦት ተራራ አለ። ደብረ ወገግ የሚባለው የአቡነ ሳሙኤልና የቅድስት ሥላሴ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። በዙሪያው ሁሉ ቆላና በረሃ ሆኖ ሳለ የገዳሙ ተራራ ደን ለብሶ መቆየቱ የመነኰሳቱ ጥበቃ ፍሬ ነው። በ2004 ዓ.ም. በደኑ ላይ የእሳት ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ እሳቱን ለማጥፋት ብዙ ምእመናን ወደ ሥፍራው መሄዳቸው ይታወሳል።

ያ የሐምሌ ሌሊት

አሁን ወደ ደቻቱ እንመለስ። የቁልቢ በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ ይከበራል። የሐምሌ 19ኙ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት መታሰቢያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ይህ በዓል ከተከበረ ከዐሥር ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ በተራሮቹ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ደረቅ አሸዋ የነበረው ደቻቱ ሕዝቡ በተኛበት ሞልቶ ወጣ። ቤቶችን ከነሰዎቹ፣ ገበያውን ከነሸቀጡ ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ የብዙዎች አስከሬን በአሸዋው ሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ቤታቸውን አጡ።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ጎርፉ የተነሣው ግንቡ ካለበት ሥፍራ አይደለም፤ ከላይ ነው። ዛፍ በለበሰ ተራራ ላይ የወደቀ ዝናብ በቅጠልና በሥር ተይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። ያ የሰረገው ውኃ ነው በጊዜው የድሬ ዳዋ ጉድጓዶች ውኃ ሆኖ የሚጠጣው። ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ፣ እስከ ገደሉ አፍ ታርሶ በተራቆተ ተራራ ላይ የወደቀው ዝናብ ግን አፈሩን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከታች ይደርሳል። ተመሳሳዩ ዝናብ በአንደኛው የመጠጥ ውኃ፣ በሌላኛው የሞት ጎርፍ ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ተራራው ላይ የቆመው ወይም የተቆረጠው ዛፍ ነው።

በሠለስቱ ደቂቅ ምስጋና ውስጥ ተራሮችና ኮረብቶች ከምንጮችና ከወንዞች ጋር አብረው መጠራታቸውን ያስተዋለ ሰው፣ እነዚህ ሁለቱ በድሬ ዳዋም እንዳልተለያዩ ይረዳል። ተራራውን ያቆሰለ ወንዙንም ያስቆጣል። ስለዚህ ተራራን መጎብኘት ለዓይን ደስታ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅምና። መንገዱን በሌሊት አልፎ በሌሊት የሚመለሰው ተሳላሚ የተራራውን መራቆት አያይም፤ ካላየም ስለ ተራራው መጸለይም ሆነ ችግኝ መትከል አይታሰበውም።

ለተጓዦች ጥቂት ምክር

የቁልቢ ሌሊት በታኅሣሥ እጅግ ይበርዳልና በድሬ ዳዋ ሙቀት ተታልሎ ጋቢና ወፍራም ልብስ ሳይዙ መውጣት አይገባም። ወቅቱ ጾመ ነቢያት በመሆኑ ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦና በቂ ውኃ መያዝ ይበጃል፤ ሠለስቱ ደቂቅም ከነቢዩ ዳንኤል ጋር የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ ይመገቡ እንደ ነበር ልጆችን እግረ መንገድ ማስተማር መልካም ነው። ዳገቱን ሲወጡም ሆነ ሲወርዱ በቀን ብርሃን መጓዝ ከአደጋ ይጠብቃል፤ ለማየትም ይመቻል።

ወደ ዋሻዎቹና ራቅ ወዳሉት ሸለቆዎች ከመሄድ አስቀድሞ የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ መንገዱንና ጸጥታውን ማጣራት፣ ቦታውን የሚያውቅ መሪም መያዝ ያስፈልጋል። በሐምሌው በዓል የሚመጣ ተጓዥ ደግሞ ከተማው ላይ ሰማይ ጠርቶ ቢያይ እንኳ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ መኪና ከማቆም፣ ይልቁንም ከማደር ይጠንቀቅ። ዝናቡ ከላይ ጥሎ ውኃው ሳይታሰብ ሊደርስ ይችላልና።

በመጨረሻም የላስቲክ ከረጢትና የውኃ ፕላስቲክ በየኮረብታው ጥሎ መመለስ ከተሳላሚ የማይጠበቅ ነው። በየሸለቆው የተጣለው ሁሉ በክረምት ተጠርጎ ከወንዙ ይደርሳል። ለመልአኩ ጧፍና ጃንጥላ የምንሳል ሁሉ፣ ከስለታችን ጋር አንዲት የጥድ ወይም የወይራ ችግኝ በደብራችን አጸድ ወይም በቀዬአችን ተክለን ለማሳደግ ብንሳል፣ ይህ ስለት በእውነት ለወንድሞቻችን ሕይወት የሚተርፍ ይሆናል።

ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ያወጣ፣ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነ አምላክ በደቻቱ ጎርፍ ያለፉትን ነፍሳት ያሳርፍልን፤ ተራሮቻችንን በልምላሜ፣ ወንዞቻችንን በሰላም ይጠብቅልን። በዓሉን የበረከትና የሰላም ያድርግልን፤ አሜን።